የዐሥራ አራት ቁጥር ሰላምታ

ሰኞ፣ 3

ይህን ደብተር ያዘጋጀሁት ለሥራ ነበር፤ የትኛው ሳጥን የማን ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ፣ ባትሪው መቼ እንደተቀየረ ልመዘግብበት። ይኸው ገና በመጀመሪያው ገጽ ብስጭቴን ልጽፍበት ነው።

የሰፈራችን የስልክ ማማ ዝናብ ሲገባ ይሞታል። አምና ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ድምፁ ጠፍቶ ቆየ። ዘንድሮ የፊዚክስ አስተማሪዋ "የማንንም ደጅ ሳንጠና የራሳችንን እንዘርጋ" ብላ ተነሣች። የክብሪት ቀፎ የምታህል የሬዲዮ ካርድ፣ አንድ ባትሪ፣ መዳፍ የምታክል ሶላርና አንቴና በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ታሽገው ጣሪያ ላይ ይሰቀላሉ። ሰው በስልኩ አጭር ጽሑፍ ይጽፋል፤ የእሱ ሳጥን ለሚቀጥለው ሳጥን ያቀብላል፣ ያም ለሚቀጥለው። ማማ አያስፈልገው፣ መሥመር አያስፈልገው። ድምፅ አይሄድበትም እንጂ ለክፉ ቀን ጽሑፍም ይበቃል።

ሐሳቡ የእሷ ነው፣ አልክድም። እጁ ግን የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰፈርተኛው ስሜን ረስቶ "ጋሽ ሬዲዮ" ነው የሚለኝ። ዐሥራ አራቱንም ሳጥን የበየድኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ስብሰባው ላይ የተጨበጨበው ለእሷ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ወንበር ባየበት ስለሚቀመጥ ሊቀመንበሩ የምንለው፣ "ቴክኒሻናችንም ተባብሮናል" ብሎ አለፈኝ። ተባብሮናል አለ።

ባለቤቴ "ለጭብጨባ ነው እንዴ የሠራኸው?" አለችኝ። አይደለም አልኳት።

ረቡዕ፣ 5

ጣሪያ ላይ ዋልኩ። ወገቤ አለቀ።

አንድ ቁጥር ሳጥን በሱቄ ጣሪያ፣ በረጅሙ ምሰሶ ላይ ቆመ። ከዚያ ላይ በአንድ በኩል ጤና ጣቢያው፣ በሌላው በኩል ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ይታያል። ሁለቱንም የሚያይ ሌላ ጣሪያ በሰፈሩ የለም። ከማዶ የሚመጣ ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

አስተማሪዋ ከታች ሆና "ጋሽ ሬዲዮ፣ ማዶው በእርስዎ ምሰሶ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። እዚያ የትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ላይ ሁለተኛ መንገድ እንሥራ" አለችኝ። የአንቴና ገመድ የለም አልኳት።

ገመድ አለ። መደርደሪያው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የእኔ ምሰሶ ምን አጠረውና ነው።

ቅዳሜ፣ 8

ዐሥራ አራተኛው ሳጥን ማዶ ሄደ። ከወንዙ ማዶ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ የታላቅ ወንድሜ ቤት። እማዬ ያለችው እዚያ ነው።

ከእሱ ጋር ከተነጋገርን ሦስት ዓመት ሆነን። ለምን ተብዬ ብጠየቅ መልሱ አጭር ነው። አባታችን ሲሞት እማዬ ከእኔ ጋር ትኖራለች ብዬ የጓሮውን ክፍል አረንጓዴ ቀለም ቀባሁላት፣ አረንጓዴ ስለምትወድ። መስኮቱን አሰፋሁ። እሷ ግን "የታላቅህ ቤት ነፋሻ ነው" ብላ ወደ ጋሼ ሄደች። ቀለሙ እንኳ አልደረቀም ነበር። ጋሼ "ግድ የለም እማዬ፣ ታናሼ ደክሞልሻል" ሊላት ይችል ነበር። አላለም። አሁን ያ ክፍል የአሮጌ ቴሌቪዥን መጋዘን ነው።

ሳጥኑን እኔ አልወሰድኩም፤ በጤና ጣቢያዋ ነርስ ላክሁት። ሲስተር ስትመለስ "እናትዎ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀበሉኝ። 'የልጄ እጅ ሥራ ነው' እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳዩ ነበር" አለችኝ።

ብየዳው ንጹሕ ነው፤ ቢያሳዩትም አያሳፍርም።

እሑድ፣ 9

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

14፦ ደህና አደርክ? እማዬ ናት ያለችው። እኔ ጻፍኩላት።

አልመለስኩም። ምን ብዬ እመልሳለሁ።

ማክሰኞ፣ 11

አየሩ በሰላምታ ታፍኖ ዋለ።

ይህ ሬዲዮ ጠባብ በር ነው። አንዱ እስኪያልፍ ሌላው መጠበቅ አለበት፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሳጥን የሰማውን ደግሞ ያሰማል። አስተማሪዋ በሥዕል፣ እኔ በአፌ አስረዳን። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ምን ሆነ፣ አናጢው በማለዳ "ደህና አደራችሁ" አለ። ዐሥራ ሁለት ሰው "ይመስገን፣ አንተስ" አለው። እሱም ለዐሥራ ሁለቱ በየተራ መለሰ። ልብስ ሰፊዋ "ጉልበትዎን ተሻለዎት?" ትላለች፣ ባለ ጉልበቱ የጉልበቱን ታሪክ ከልጅነቱ ይጀምራል። ሲስተር ስለ መድኃኒት የላከችው መልእክት ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ደረሰ።

በዚህ ሁሉ መሀል 14፦ ደህና አደርክ? እማዬ ናት።

ዓርብ፣ 14

ስብሰባ ጠራሁ። በዚህ ሬዲዮ ሰላምታ መላክ ክልክል ነው የሚል ደንብ አስወሰንኩ። አናጢው "ሰላም ሳልል ነገር ብጀምር እናቴ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ትለኛለች" አለ፤ ሳቁ። አስተማሪዋ ግን ደገፈችኝ። ከደገፈችኝ በኋላ ደግሞ የውሃ ታንከሩን አነሣች። ገመድ አልመጣም አልኩ።

ስወጣ ከበሩ ኋላ አንዷ "ሰላምታ የሚከለክል ሰው፣ ድሮም ከወንድሙ ጋር አይነጋገር" ስትል ሰማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ግን ዛሬ ባዳ አልሆነልኝም፤ ሁሉንም አሰማኝ።

ቅዳሜ፣ 15

14፦ ደህና አደርክ? ደንቡን ሲስተር ነግራናለች። እማዬ ግን ሰላም ሳይባል ምን ወሬ አለ ትላለች። አንድ ቀን እንኳ መልስላት።

ይህ በሰፈሩ ስልክ ሁሉ ላይ ወጣ። "አንድ ቀን እንኳ መልስላት።" በአደባባይ። እሷን ከፊት አቁሞ ከኋላ ድንጋይ የሚወረውረው እሱ ነው፣ አውቀዋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚህ ነው፤ ጥፋቱን እኔ እሠራለሁ፣ ደጉን ልጅ እሱ ይሆናል።

ሰኞ፣ 17

ሊቀመንበሩ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ደንበኛ ባለበት፣ "ጋሽ ሬዲዮ፣ ሕጉ ለእኛ ብቻ ነው? ለቤተ ዘመድ አይሠራም?" አለኝ። ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፊቴ ግን ሲግል ይታወቀኝ ነበር።

ስልኩ ላይ የሳጥኖቹ ዝርዝር አለ። አንዱን ቁጥር ተጭነው ሲቆዩ "ችላ በል" የሚል ይመጣል። ዐሥራ አራትን ተጭኜ ቆየሁ። እሺ አልኩት።

ለእኔ አይታየኝም እንጂ ለሌላው ያልፋል። እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። የአስተማሪዋ የመመሪያ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ማየት ይቻላል። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ 19

ጸጥታ ነው። አየሩ ጠራ።

ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ማዶዎቹን አስታገሥካቸው አይደል፤ ሕግ ማለት ይሄ ነው" አለኝ። ለእሱም አልመጣለትም ማለት ነው። ጋሼ ተቀይሞ መላኩን ትቶት ይሆናል። አዎ፣ ተቀይሞ ነው። ኩርፊያ ይወዳል።

ሐሙስ፣ 20

የስልኩ ማማ ሞተ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ፣ መብራቱም ሄደ። የሚሠራው የእኛ ብቻ ነው።

እኩለ ቀን ላይ አናጢው ጣቱን በመጋዝ ቆረጠ። ሚስቱ ጻፈች፤ የጠቀለለችበት ጨርቅ በደም ሳይርስ ሲስተር ደረሰች። ሰፈሩ ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። ዛሬ "ተባብሮናል" ያለኝ የለም። አናጢው በደህና እጁ እጄን ይዞ "ዕድሜ ላንተ" ሲለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ሬዲዮ ስከፍት እንዲህ ያለኝ የለም።

ነገ 14ን እከፍተዋለሁ።

እሑድ፣ 23

ባለቤቴ "ከማዶ ወሬ የለም?" አለችኝ። ደህና ናቸው አልኳት። "ማን ነገረህ?" አለች። ክፉ ወሬ ቢኖር ይጽፉ ነበር አልኳት። ትንሽ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ነገ እከፍተዋለሁ። የሆነ ሆኖ ሳምንቱ ነገ ነው የሚሞላው።

ረቡዕ፣ 26

ሱቁ ያፈስሳል። 14ን አልከፈትኩትም፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ባትሪ ስቀይር ዋልኩ። አስተማሪዋ መጣች፤ ታንከሩን እንደገና አነሣች። ገመድ የለም አልኳት። እሷ መደርደሪያውን ስታይ አየኋት።

ሐሙስ፣ 27

ወንዙ ሞልቷል። ስድስት ሰዓት ላይ ድልድዩ ተዘጋ። ጠዋቱን ሁሉ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ አጠገቤ ነበር። ምንም አልመጣም። ደግ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው።

ዐሥራ አንድ ሰዓት። ከጤና ጣቢያ እየጠሩኝ ነው

ዓርብ፣ 28

ልጻፈው፣ ምናልባት በቅደም ተከተል ሲጻፍ ሌላ መልክ ይኖረው ይሆናል።

ትናንት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እማዬ ቁርስ ላይ እንዳለች ኩባያው ከእጇ ወደቀ። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ምላሷ ተሳሰረ። ጋሼ ወዲያው ለሲስተር ጻፈ። "እማዬ ግማሽ ጎኗ አይታዘዛትም፣ ቶሎ ድረሺ።" ከዚያ በር ላይ ወጥቶ የጤና ጣቢያውን መኪና ጠበቀ። በአራት ሰዓት ደግሞ ጻፈ። በአምስት ሰዓት ሁለት ጊዜ። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ድልድዩ ሮጦ ሲወርድ ድልድዩ ተዘግቶ አገኘው። በአልጋ አድርገው፣ ከጎረቤቶቹ ጋር፣ በላይኛው ድልድይ ዞረው አመጧት። በዝናብ፣ በጭቃ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ።

ሲስተር በኮሪደሩ ጥግ ይዛኝ ሄደች። "ባልነግርዎት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ልንገርዎ፤ በሁለት ሰዓት ብሰማ መኪናው በሩ ላይ ነበር። ይህ በሽታ ሰዓት ነው የሚፈልገው። በሕይወት ይኖራሉ፣ ንግግራቸው ግን የሚመለስ አይመስለኝም" አለችኝ። ከዚያ ስልኳን አሳየችኝ። ከማዶ አንድም መልእክት የለበትም። "ምን ሆኖ ይሆን ጋሽ ሬዲዮ?" አለች። ዝናቡ አልኳት። ዝናብ አንዳንዴ ይውጠዋል አልኳት።

ሱቅ ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። የመመሪያው ዘጠነኛ መሥመር፦ "ችላ የተባለ ሳጥን መልእክት ለእርስዎም አይታይም፣ ሳጥንዎም ወደ ሌላ አያስተላልፈውም።" ከሥሩ በእርሳስ ተሠምሮበታል። የእኔ እርሳስ ነው፤ ሰማያዊ እርሳስ በሰፈሩ ከእኔ በቀር የሚጠቀም የለም። መቼ እንዳሠመርኩት አላስታውስም።

ቅዳሜ፣ 29

በማለዳ ሳጥኑን ከምሰሶው አውርጄ ያለበትን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ውሃ ሳይገባበት አይቀርም ብዬ ነው። ለጥንቃቄ።

አስተማሪዋ በአራት ሰዓት መጣች። ከሁሉም ሳጥን መዝገቡን እየሰበሰበች ነው፣ የት ላይ እንደተቆረጠ ለማወቅ። ስልኬን አገላበጠችው። "የእርስዎ መዝገብ የሚጀምረው ከዛሬ ነው" አለች።

"ውሃ ገብቶበት ነበር።"

ሳጥኑን አንሥታ ክዳኑን ከፈተችው። ውስጡ ደረቅ ነበር። እኔ ነኝ ያሸግሁት፣ እንዴት ውሃ ይገባበታል። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና "እሺ ጋሽ ሬዲዮ" አለች። ስልኬን መልሳልኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ 1

ጋሼ ሱቄ መጣ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያው ነው። አርጅቷል። ጫማው ላይ የላይኛው ድልድይ ጭቃ እንደደረቀ አለ። ወንበር ሰጠሁት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፣ እንደ ባዕድ።

"ልትሰድበኝ ትችላለህ" አለኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ምን ሆነህ አልኩት።

ስልኩን አወጣ። ገጹ ሙሉ መልእክት ነው፣ እያንዳንዱ አጠገብ ቀይ ምልክት። "ይህ ቀይ ምን እንደሆነ ትናንት ሲስተር ነገረችኝ። አልደረሰም ማለት ነው አሉ። እኔ ደግሞ አንብቦታል ግን አልመለሰም ማለት መስሎኝ ነበር።"

"ለምን እንደዚያ መሰለህ?"

"ከደንቡ ወዲህ ላንተ ጠዋት ጠዋት የምንልከው ሁሉ ቀይ ይሆናል። አንተ ደግሞ አትመልስም። ልማድህ ነው ብዬ፣ ከዚህ ሌላ ምን ላስብ።" በጣቱ የታችኛውን መልእክት አሳየኝ። "ያን ዕለትም ለሲስተር የላክሁት ቀይ ሆነ። አነበበችው፣ መንገድ ላይ ናት ብዬ አራት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆምኩ። እማዬ ከውስጥ ስታቃስት እየሰማሁ። ቀዩ ምንድን ነው ብዬ አንድ ቀን ብጠይቅህ ኖሮ። አንተን መጠየቅ ከበደኝ፣ ትስቅብኛለህ ብዬ። ይቅር በለኝ።"

አፌን ከፈትኩ። ልነግረው ነበር። እምላለሁ፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያን ጊዜ አናጢው የታሸገ ጣቱን ሊያሳየኝ ገባ፣ "ዕድሜ ላንተ" እያለ።

"ግድ የለም ጋሼ" አልኩት። "ሰው ይሳሳታል።"

ይቅር አልኩት ማለት ነው። እኔ እሱን።

ሐሙስ፣ 4

ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ "ችግሩ የአጠቃቀም ችሎታ ማነስ መሆኑ ተረጋግጧል" አለ። ሁሉም ጋሼን ላለማየት መሬት መሬት አየ። አጠቃቀም የማያውቁትን እኔ እንዳስተምር ተወሰነ። አጨበጨቡልኝ። የፈለግሁት ጭብጨባ ይኸው መጣ።

ጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ ደብተር ይዞ። "ቀይ ሲሆን ምን ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። "አልደረሰም" አለ፣ እንደ ተማሪ። ሦስት ጊዜ አስጻፍኩት፤ ሦስቱም ደረሰ። "ጎበዝ" አልኩት።

አስተማሪዋ እስከ መጨረሻው ከኋላ ቆማ አየችን። ሲያልቅ የአንቴናውን ገመድ ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋት። "የለም ብለውኝ ነበር" አለች። ተገኘ አልኳት። ከሰዓት በኋላ ታንከሩ ላይ ሁለተኛው መንገድ ቆመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እሑድ፣ 7

ሲስተር እማዬ ለጤና ጣቢያው ቅርብ መሆን አለባት አለች፣ በየቀኑ ልታያት። ቅርቡ ቤት የእኔ ነው። ቴሌቪዥኖቹን አወጣሁ፣ ግድግዳውን አጠብኩ። አረንጓዴው ቀለም እንዳለ አለ፣ አንድ ቦታ ብቻ ተላጧል።

ጋሼ ተሸክሞ አስገባት። አልጋው ላይ አስተኝቷት ግንባሯን ሳማት። "ያኔ እዚህ መቅረት ነበረባት። ደክመህላት ነበር" አለኝ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ምንም አልተሰማኝም፤ አይ፣ ተሰማኝ፣ መሬት ብትከፈትልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሦስት ዓመት የፈለግሁት ሁሉ ተሟላልኝ። እማዬ እኔ ቤት ናት። ቀኑን ሙሉ ታየኛለች። ማወቅ አለማወቋን አላውቅም፤ መናገር አትችልም። ባለቤቴ "ለምን ዓይኗን ትሸሻለህ?" አለችኝ። ለማንም አልነገርኩም። ሆድ ይፍጀው።

ረቡዕ፣ 10

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ስልኬ ጮኸ።

14፦ ደህና አደራችሁ? ደንቡ ክልክል ነው ቢልም ለዛሬ ይቅር በሉኝ። ለእማዬ አንብብላት።

አረንጓዴው ክፍል ገባሁ። ነቅታ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላት። በደህናው ዓይኗ አየችኝ፣ ከፊቴ ላይ አላነሣችውም። ደህናው እጇ አልጋ ልብሱ ላይ ነበር። እጄን አጠገቡ አስቀመጥኩ። አልያዘችውም።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት" አልኳት። ድምፄ የወጣ አይመስለኝም። ዓይኗን ጨፈነች። ሰምታ ይሁን ደክሟት ይሁን አላውቅም።

ጋሼ ማዶ ሆኖ መልስ እየጠበቀ ነው። ስልኩን አንሥቼ ጻፍኩ፦ "ደህና አደርን። እማዬ ናት ያለችው። እኔ ጻፍኩላት።"

እማዬ ምንም አላለችም። ደረሰ የሚለው ምልክት ወዲያው መጣ።